ስለ ድምፅ ዕቃና ስለ ድምፅ ጠባቂ

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል የአባቶች ተረት። ቃል አንድ ጊዜ ከአንደበት ከወጣ በኋላ የማይመለስና በእጅ የማይጨበጥ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። ይህ ነገር ለብዙ ሺህ ዓመታት እውነት ሆኖ ኖሯል። ንጉሥም ቢሆን ድኻም ቢሆን፥ የሰው ድምፅ ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። ጸሓፊ የሰውን ቃል በብራና ላይ ያስቀርለታል፤ ሠዓሊም መልኩን በግድግዳ ላይ ይሥልለታል፤ ድምፁን ግን የሚያስቀርለት ባለሙያ አልነበረም። የዜማ ምልክት እንኳ ዜማውን ለተማረ ሰው ያስታውሰዋል እንጂ የዘማሪውን ድምፅ አያሰማም።

ዛሬ ግን ድምፅን መያዝ ውሃ ከመቅዳት ይልቅ የቀለለ ሆኗል። ከዚህም የተነሣ ሰዎች በቤታቸው ለሚሰሙት ሙዚቃ ከሸክላ፥ ከሲዲና በስልክ ከሚመጣው ዜማ የትኛው እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ክርክሩ ደግ ነው። ነገር ግን ከመፍረድ አስቀድሞ ታሪኩን ማወቅ ይገባል። ታሪኩን ያወቀ ሰው ከዚህ ክርክር በስተጀርባ የተሰወረውን ሌላ ታላቅ ጥያቄ ያገኘዋልና። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ድምፅ እንዴት ተያዘ

ቶማስ ኤዲሰን የተባለው አሜሪካዊ የጥበብ ሰው በ1877 ፎኖግራፍ የሚባለውን መሣሪያ ሠራ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ሰው ወደ መሣሪያው አፍ ሲናገር አየሩ አንድ ስስ ክዳን ያንቀጠቅጣል። በክዳኑ ላይ የተተከለው መርፌም በሚዞር እንዝርት ላይ የተጠቀለለውን ስስ የቆርቆሮ ቅጠል እንደ ድምፁ መጠን ከፍ ዝቅ እያለ ይወጋል። በኋላ መርፌው በዚያው መንገድ እንደ ገና ሲሄድ ክዳኑ እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጣል፤ የሄደውም ድምፅ ይመለሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቆርቆሮው ቅጠል ቀርቶ በምትኩ ሰም ገባ።

ይህ ጥበብ ወደ አገራችን ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃሏን በሰም ላይ አስቀርፃ ላከች። ድምፅዋ ከተሰማ በኋላ ግን ሰሙ እንዲጠፋ ፈቃዷ ስለ ነበረ እንዲሁ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በ1899 በዚሁ መሣሪያ የሰጡት መልስ ግን በእንግሊዝ አገር ተጠብቆ ቈይቶ፥ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልፎም ይሰማል።

እነሆ፥ ሁለቱ ሰሞች በአንድ ዘመንና በአንድ ጥበብ የተሠሩ ነበሩ። የመጀመሪያው የጠፋው ሰሙ ደካማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለተኛውም የኖረው ሰሙ ብርቱ ስለ ሆነ አይደለም። አንዱን እንዲጠፋ የፈለገ ሰው ነበረ፤ ሁለተኛውን እንዲኖር የጠበቀ ሰው ነበረ። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሰም ወደ ሸክላ

የሰም ዕቃ አንድ ታላቅ ጕድለት ነበረበት፤ በብዛት ለማባዛት እጅግ ያስቸግር ነበር። በጀርመን አገር ተወልዶ በአሜሪካ ይኖር የነበረው ኤሚል በርሊነር በ1887 ለዚህ መላ አገኘለት። ድምፁን በእንዝርት ሳይሆን እንደ ምጣድ ክብ በሆነ ዝርግ ገበታ ላይ ጻፈው። ከዝርጉ ላይ የብረት ቅርፅ ይወጣል፤ በቅርፁም እንደ ማኅተም እየተጫነ ብዙ ቅጂ ይታተማል። መጽሐፍ ከማተሚያ መኪና እንደሚወጣ እንዲሁ ዜማ ከፋብሪካ ይወጣ ጀመር።

ዝርጉ ገበታ የሚሠራው በህንድና በአቅራቢያዋ ባሉ አገሮች የምትገኝ አንዲት ትንሽ ነፍሳት በዛፍ ላይ ከምታወጣው ሙጫ ነበር። ሕዝባችን ይህን ዕቃ ሸክላ ብሎ ሰየመው። ስሙ ይስማማዋል፤ የጥንቱ ሸክላ ከእጅ ሲወድቅ እንደ ገንቦ ይሰበር ነበርና። በአንድ ደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፥ አንዱ ፊት የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ዘፋኞች ዜማቸውን በዚሁ ልክ ማሳጠር ግድ ሆነባቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በበርሊን ከተማ ያስቀረፁት ድምፅ በዚህ ዓይነት ሸክላ ላይ ነው።

በ1925 ማይክሮፎንና የኤሌክትሪክ ኀይል በመቅረፁ ሥራ ገቡ። በ1948 ደግሞ ኮሎምቢያ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቪኒል ከሚባል የማይሰበር ነገር የተሠራ፥ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞር ትልቅ ሸክላ አወጣ። አንዱ ፊት ከ20 ደቂቃ በላይ ይይዛል። በተከታዩ ዓመት በ1949 አርሲኤ ቪክተር የተባለው ኩባንያ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ ለገበያ አቀረበ። አንባቢን የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው፤ በትልቁ ሸክላ በአንዱ ፊት ላይ ያለው የመርፌ መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፥ እንደ ክር ቢዘረጋ ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

የአዲስ አበባ ሸክላዎች

በአዲስ አበባ የትንሹ ሸክላ ዘመን አጭር ቢሆንም ፍሬው ብዙ ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፥ አምሃ እሸቴ የተባለ ዕድሜው 30 ያልሞላ ነጋዴ በሕግ ሊያስጠይቀው እንደሚችል እያወቀ በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። በመጀመሪያም የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አሳተመ። ማተሚያው በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላዎቹ በውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት ትልልቆችን አወጣ፤ ከትልልቆቹም አንዱ የሙላቱ አስታጥቄ የ1974 ሥራ ነው።

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። የሰዓት እላፊው ዐዋጅ የሌሊቱን ሙዚቃ ቤት ዘጋው፤ አምሃም በ1975 ከአገር ወጣ። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ በ1963 ያወጣው ካሴት ዋጋው ርካሽ፥ ለመቅዳትም ቀላል ስለ ነበረ የሸክላን ቦታ ወሰደ። ያ ሁሉ ሸክላ ወደ ሣጥን ገባ፤ አቧራም ለበሰ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ሥራዎች እየፈለገ ሰበሰበ፤ ከ1997 ጀምሮም ኢትዮፒክስ በሚል ስም በፓሪስ በሲዲ ማሳተም ያዘ። ቅጾቹ ሠላሳ ደረሱ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ሲሆን፥ ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ በ2005 ባወጣው ፊልም ውስጥ ስለ ገባ በብዙ አገር ታወቀ። ከዚያ ወዲህም ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ እንደ ገና በሸክላ ታትመዋል። ስለዚህ ሸክላና ሲዲ ጠላቶች ናቸው የሚል ሰው ይህን ታሪክ ይመልከት። ሸክላው የወለደውን ሲዲው አሳደገው፤ ሲዲው ያሳደገውንም ሸክላው መልሶ ተቀበለው።

ሲዲና ቍጥር

ሲዲ የፊሊፕስና የሶኒ ኩባንያዎች የጋራ ሥራ ነው። ለገበያ የቀረበው በጃፓን አገር በጥቅምት ወር 1982 ነው። ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 74 ደቂቃ ሙዚቃ ይይዛል። ሸክላ ድምፅን በቅርፅ ይይዛል፤ ሲዲ ግን በቍጥር ይይዛል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 44,100 ጊዜ የድምፁን ልክ ይወስዳል፤ እያንዳንዱንም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመድባል፤ ቍጥሩንም በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጕድጓዶች ይጽፋል። ጕድጓዶቹን የሚያነበው መርፌ ሳይሆን ሌዘር የሚባል ብርሃን ነው። መርፌ ሲነካ ይፍቃል፤ ብርሃን ግን አይፍቅም።

ታዲያ በድምፅ ጥራት የሚበልጠው የትኛው ነው? ብዙ ሰዎች «ቍጥር ድምፅን ይቈራርጠዋል፤ በቍራጮቹ መካከል ያለውም ይጠፋል» ይላሉ። ይህ አባባል ለጆሮ ይጥማል እንጂ እውነት አይደለም። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርሰውን ንዝረት ነው። የሂሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ አንድ ንዝረት በተመላለሰ ቍጥር ከሁለት ጊዜ በላይ ከተለካ ሳይጐድል እንደ ገና ሊሠራ ይችላል። 44,100 ደግሞ ከ20,000 እጥፍ በላይ ነው።

በሸክላ በኩል ግን የተፈጥሮ ገደብ አለ። ሸክላው ሲዞር መርፌው በጠርዙ ላይ በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ መካከሉ ሲቃረብ ግን ጕዞው ከ21 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የመጨረሻው ዜማ ከመጀመሪያው ይልቅ በጠባብ ስፍራ ተጨናንቆ ይጻፋል። አቧራም ያንኳኳል፤ መርፌም ያረጃል። በጸጥታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት ዴሲቤል በሚባለው ልክ ሲመዘን፥ ሲዲ እስከ 96 ይደርሳል፤ ሸክላ ግን ከ70 ብዙም አያልፍም። በሚዛን ቢፈረድ እንግዲህ ፍርዱ ለሲዲ ነው።

ይሁን እንጂ ጥሩ ሚዛን በክፉ ነጋዴ እጅ ሊወድቅ ይችላል። በተለይ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ አሳታሚዎች ዘፈናቸው ከባልንጀራቸው ዘፈን ይበልጥ እንዲጮኽ ብለው፥ ዝቅ ያለውን ድምፅ ሁሉ ከፍ እያደረጉ ይጨቍኑት ጀመር። ሹክሹክታውና ጩኸቱ እኩል ሆነ። ሲዲ ይህን ሁሉ ሳይቃወም ተሸከመ። በሸክላ ላይ ግን እንዲህ ያለ ጩኸት ያለ ልክ ቢጻፍ መርፌው ከመንገዱ ሊዘል ስለሚችል፥ ቀራፂው ልክ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ አንዱ ሥራ በሸክላ ሲሰማ ከሲዲው የጣመበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ግን የዕቃው ሳይሆን የሰው ነበር።

ድምፅ ከቤት ሲወጣ

ቍጥር የሆነ ነገር ያለ ዕቃም ይጓዛል። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ በፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም ካርልሃይንስ ብራንደንቡርግና ባልንጀሮቹ የሰው ጆሮ የማያስተውለውን ድምፅ እየቀነሱ ዜማን የሚያሳንሱበትን ብልሃት አበጁ፤ በ1995ም ኤምፒ3 ተብሎ ተሰየመ። በተለመደው አሠራር ዜማው ከሲዲው አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል። በ1999 ናፕስተር ሰዎች ዜማን በነጻ የሚለዋወጡበትን በር ከፈተ፤ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። በ2008 በስዊድን አገር ስፖቲፋይ ሥራ ጀመረ። ከዚህ ወዲህ ብዙ ሰው ዜማን መግዛት ትቶ በወር ኪራይ መስማት ያዘ።

የዚህን በጎነት መካድ ግፍ ነው። ከአዲስ አበባ ርቆ በገጠር የሚኖር ተማሪ ስልክና መስመር ካገኘ፥ ቀድሞ ባለጠጋ ሰው በሙሉ መደርደሪያ ያልነበረውን ሙዚቃ ይሰማል። ነገር ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለውም አይረሳ። ኪራዩ ሲቋረጥ ዜማው ይሄዳል፤ ባለቤቱ ውሉን ሲለውጥም እንዲሁ። ማይስፔስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ2003 እስከ 2015 ድረስ ሰዎች በአደራ ያስቀመጡት ዜማ፥ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሲዛወር መጥፋቱን በ2019 አስታወቀ። የጠፋው 50 ሚሊዮን ያህል ዜማ መሆኑ በዚያን ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ 490,000 ያህሉ ኋላ ተገኘ። የተገኘውም ጥቂት ተመራማሪዎች ለጥናታቸው አስቀድመው ገልብጠውት ስለ ነበረ ነው።

ይህን ስንል በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ አይጠፋም ማለታችን አይደለም። በዚያው በ2008 በካሊፎርኒያ በዩኒቨርሳል ኩባንያ ግቢ በተነሣው እሳት ምትክ የሌላቸው የመጀመሪያ ቅጂዎች ተቃጥለዋል። ቴፕንም እሳት ይበላዋል፤ ቍጥርንም ስንፍና ይበላዋል።

ሸክላ ለምን ተመለሰ

እንግዲህ ሲዲ በሚዛን ከበለጠ፥ ስልክም በቅለት ካሸነፈ፥ ሸክላ ተረስቶ መቅረት ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2022 በአሜሪካ 41 ሚሊዮን ያህል ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ሸክላ በቍጥር ከሲዲ ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

ምክንያቱን በድምፅ ብቻ መፈለግ አይበቃም። ሸክላ ከሰሚው አንድ ነገር ይጠይቃል። ከሸፈኑ በጥንቃቄ ማውጣት፥ አቧራውን መጥረግ፥ መርፌውን በቀስታ ማሳረፍ፥ ከ20 ደቂቃ በኋላም ተነሥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል። በሸፈኑ ላይ የዘፋኙ፥ የደራሲውና የከበሮ መቺው ስም ተጽፏል፤ ሰሚው እየሰማ ያነበዋል። ስልኩ ግን ምንም አይጠይቅም። አንዱ ዜማ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል፤ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅም ያልፋል። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» እንደ ተባለ፥ ሁሉ በእጁ የሆነለት ሰው ሁሉን ያቃልላል። ሰዎች በሸክላ የገዙት ጥቍር ገበታ ብቻ አይደለም፤ አርፎ የመቀመጥንና ልብ ብሎ የማዳመጥን ልማድ ለመግዛት ፈልገው ነው።

ይሁን እንጂ ልማድ በገበያ አይገዛም። ሸክላ ሰብስቦ በመደርደሪያ ደርድሮ የማያዳምጥ ሰው አለ፤ በስልኩ አንድ ሥራ መርጦ፥ የሠሪዎቹን ስም ጠይቆ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰማም አለ። ከእነዚህ ከሁለቱ ሙዚቃን ያከበረው ሁለተኛው ነው። መስማት የጆሮ ሥራ ነው፤ ማዳመጥ ግን የልብ ሥራ ነው።

ለወጣቶች የቀረበ ምክር

ወጣቶች ሆይ፥ አሁን ወደ እነዚያ ሁለት ሰሞች እንመለስ። የድምፅ ታሪክ ከሰም ወደ ሸክላ፥ ከሸክላ ወደ ካሴት፥ ከካሴት ወደ ሲዲ፥ ከሲዲ ወደ ስልክ ቢሄድም፥ በየዘመኑ የነበረው ሕግ አንድ ነው። የተጠበቀው ኖረ፤ ያልተጠበቀው ጠፋ። ዕቃ የድምፅ ማደሪያ ሊሆን ይችላል እንጂ ጠባቂው ሰው ነው። ከክርክሩ በስተጀርባ የተሰወረ ያልነውም ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ዕቃው ማን ነው?» ሳይሆን «ጠባቂው ማን ነው?» የሚል ነው።

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የወላጆቻችሁ ካሴቶች ተቀምጠው ይሆናል። በአንዳንዱ ላይ የታወቀ ዘፋኝ አለ፤ እርሱን ሌላ ሰው ይጠብቀው ይሆናል። በሌላው ላይ ግን በሠርግ ቀን የተቀረፀ የአያት ምርቃት፥ ወይም በስደት ላለ ልጅ የተላከ የእናት ድምፅ አለ። ይህን ከእናንተ በቀር በዓለም ላይ የሚጠብቀው ማንም የለም። የካሴት ክር በማግኔት የሚጻፍ ነውና ሙቀትና እርጥበት ከዓመት ወደ ዓመት ያደክመዋል። ዛሬ የሚሰማው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ሳይዘገይ ወደ ቍጥር ገልብጡት፤ ቅጂውንም ከአንድ ቦታ በላይ አስቀምጡት፤ የማን ድምፅ እንደ ሆነ፥ የትና መቼ እንደ ተቀረፀ ጻፉበት። የመጀመሪያውንም ካሴት አትጣሉት። በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎቻችሁንም በስልካችሁ ቅረፁ፤ ያ በየደቂቃው የምትነካኩት መሣሪያ ከኤዲሰን ፎኖግራፍ እጅግ የበለጠ ድምፅ ጸሓፊ ነው።

የምትሰሙት ሙዚቃም በሸክላ ቢሆን፥ በሲዲ ቢሆን፥ በስልክም ቢሆን እንደ አቅማችሁ ይሁን። ነገር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ሥራ መርጣችሁ፥ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ፥ እስከ ፍጻሜው አዳምጡት። ድካማቸውን ያፈሰሱበትን ሰዎች ስም ዕወቁ። ልብ ብሎ ያልሰማውን ነገር ለመጠበቅ የሚደክም ሰው የለምና፥ የመጠበቅ መጀመሪያው ማዳመጥ ነው። ከአባቶቻችን የተቀበልነው ድምፅ ለልጆቻችን የሚደርሰው በመካከል የቆመው ትውልድ አደራውን ሲወጣ ብቻ ነው።